እስከ ሐሙስ ያዙልኝ

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ኢስማኤል ዓይኑን አልገለጠም። ድምፁ ከድንኳኑ በር በኩል ነው የመጣው፤ እንጨትና ብረት ሲላተሙ የሚሰማ ድምፅ። መሰላል ግድግዳ ሲደገፍም እንዲህ ይላል። ይህን ሲያስብ ዓይኑን ገለጠ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ነበሩ። ጊዮርጊስ አጥር ሥር ተቀምጠው የስንቱን ጫማ ሲያሳምሩ ያረጁ ሊስትሮ ናቸው። ጎንበስ ብለው ሲገቡ ከትከሻቸው የተንጠለጠለው ሳጥን ከድንኳኑ ቋሚ ጋር ተጋጭቶ ነው የጮኸው። ለቅሶ ቤት ሥራ ይዞ መጣ እንዳይባሉ ነው መሰል፣ ሳጥኑን አግዳሚው ሥር ገፋ አድርገው ኮታቸውን ጣል አደረጉበት።

"እግዜር ያጥናዎት፣ አቶ ነጋሽ።"

"አሜን" አሉ አቶ ነጋሽ። ቀና አላሉም። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ልጃቸውን ዘሩባቤልን የቀበሩት ትናንት ነው።

አቶ ነጋሽ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ጴንጤዎች ስለሆኑ በቤታቸው ሙሾ አይወርድም፣ ደረት አይደቃም። የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪዎች ጠዋትና ማታ መጥተው ቀስ ብለው ይዘምራሉ፤ በመሃል ያለውን ዝምታ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ጎረቤቱ ኮንዶሚኒየም ኮንዶሚኒየም ስለተበተነ፣ ለቀስተኛው በታክሲ ነው የሚመጣው። ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ያሻል፣ ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ያያል።

ፎቶው ላይ ዘሩባቤል ይስቃል። በሁለት እጁ ባዶ ነጭ ወረቀት ደረቱ ላይ ይዟል።

"ወረቀቱ ምንድነው?" ይላል የመጣው ሁሉ። ኢስማኤል ማስረዳት ሰልችቶታል። ፎቶ አንሺ ብርሃን ሲለካ፣ ካሜራው ነጩን ነጭ ብሎ እንዲያውቅለት አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ይዞ ይቆምለታል። ዘሩባቤል ያን ሁሉ ሙሽራ አንስቶ የራሱ ፎቶ አልነበረውም። ኢስማኤል የካሜራውን ካርዶች ሁሉ አገላብጦ ያገኘው ይቺን ብቻ ነው። ወረቀቱን ቆርጦ ሊያወጣው ሞከረ፤ ሲቆርጠው እጆቹም አብረው የሚሄዱ ሆኑበት። ተወው።

ጋሽ ወልደገብርኤል አጠገቡ ተቀመጡ። ቀለም ቀለም ይሸታሉ። ትንሽ ቆይተው አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠጉ።

"አንተ ነህ አይደል፣ የዘሩባቤል ሽርካ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እሁድ ከሰዓት መጣ። 'ጋሼ፣ አንድ ስም ልስጥዎት፣ እስከ ሐሙስ ይያዙልኝ፣ እንዳይጽፉት' አለኝ። የት ተምሬ ነው የምጽፈው፣ አልኩት።" ሊስቁ ጀመሩና ድንኳን ውስጥ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ተዉት። "አደራ ነው ልጄ። ባለቤቱ እንደሆነ ሄደ። ለአንተ ካልመለስኩ ለማን እመልሳለሁ?"

ኢስማኤል ምን ሊሉ እንደሆነ አወቀ። እንዳይሉት ፈለገ።

"ጌዲ ፎቶ" አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። "አልረሳሁትም።"

ኢስማኤል ወደ አቶ ነጋሽ ሰረቅ አድርጎ አየ። አልሰሙም። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው መሬት መሬት ያያሉ።

ጌዲ የዘሩባቤል ታላቅ ወንድም ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። መጨረሻ ሲደውል "ነገ ማታ እንሳፈራለን" አለ። ከዚያ ወዲህ ስልክም፣ ያየ ሰውም፣ መርዶም አልመጣም። እናታቸው ሁለት ዓመት ጠብቀው አረፉ። እህታቸው ማኅሌት እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ የአልጋውን አንሶላ ትቀይራለች። አቶ ነጋሽ ድንኳን ይተከል ያላቸውን ዘመድ ሁሉ "መርዶ ያልመጣለት ሰው አይለቀስለትም" ብለው መልሰዋል። ባለፈው ዓመት ዘሩባቤል የወንድሙን ጉርድ ፎቶ አሳድጎ ሊያሳትም ሲጠይቃቸው፣ ያቺኑ አንዲቷን ፎቶ ከአልበሙ ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቷት። "ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሞተ ነው" አሉት። "ስሙንም አደባባይ ላይ እንዳታወጣብኝ።"

ኢስማኤል የኪሱን ወረቀት በጣቱ ነካ። ከዘሩባቤል ጋር ሊከፍቱት የነበረው ፎቶ ቤት የንግድ ስም ማስመዝገቢያ ቅጽ ነው። ዓርብ ጠዋት ካልገባ ፈቃዱ አይወጣም፤ ፈቃዱ ካልወጣ የሱቁ ባለቤት ክፍሏን ለሌላ ሊሰጣት ነው። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ ሁሉም "በሱ ስም አድርገው፣ መታሰቢያ ይሁነው" ስላሉት፣ ዘሩባቤል ፎቶ ብሎ በእርሳስ ጽፎበታል። ማኅሌትም ይሁን ብላለች። ለአባቷም ለሁሉም የሚቀል ስም ነበር።

ክፍሏን ያገኙት ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ አብረው ነበሩ። ኢስማኤል ዝም ብሎ ደመና ሲያይ የሚውል ልጅ ነበር፤ ዘሩባቤል ደግሞ የሚያየውን ነገር "ቆይ፣ ላንሳልህ" የሚል። ለክፍሏ ስም ሲፈልጉ ወር ከረሙ። ዘሩባቤል የራሱ ሕግ ነበረው። ስሙን ለሰው አንዴ ብቻ ይነግራል። አይጽፍም፣ አይደግምም። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ተመልሶ ይጠይቃል፤ ሰው ያልረሳው ስም ነው ሰሌዳ ላይ የሚወጣው።

"ፒያሳ ፎቶ" ብሎ ነበር ኢስማኤል አንድ ቀን።

"ፒያሳ ራሷ ግማሿ ፈርሳ! ሌላ አምጣ፣ የኔ ጌታ።"

"አዲስ ብርሃን ፎቶ።"

ይህንን ለአንድ ወያላ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ካፌ አግኝተው ሲጠይቁት ግንባሩን አሸ። "አዲስ... አዲስ መብራት? እናንተ መብራት ኃይል ናችሁ እንዴ? ሰፈራችን ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል እኮ!" ዘሩባቤል ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ሳቀ። ኢስማኤል አልሳቀም። ያን ስም ወዶት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚያው ካፌ፣ ዘሩባቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጌዲ ፎቶ" አለ።

"አባትህስ?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ማን ያስታውሰዋል? ማንም የማያውቀው ሰው ስም?"

"እሱን ነው የማየው" አለ ዘሩባቤል። "ቤታችን ውስጥ አይጠራም። ውጭ ቢጠራ ምን አለበት?"

እሁድ ብቻውን ዞረ። ምን ያህል ሰው ጋ እንደደረሰ ኢስማኤል ያወቀው ከለቅሶው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት የወርቅ ቤት ሻጩ ፍትዊ መጣ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ሊያንሾካሽክ ሲል በግማሽ ታጠፈ። "ከደንበኛ መሃል ገብቶ ነው የነገረኝ፤ አስር ግራም ሀብል ልገዛ ነው ብሎ አሳስቆኝ። ጌዲ ፎቶ። ከሐሙስ በፊት ብናገር አደራ መብላት ነው?"

"አይደለም" አለው ኢስማኤል።

ቀጥላ ነሲባ መጣች፤ ሱቋ እነሱ ካገኟት ክፍል ጎን ነው፣ ጨርቅ ትሸጣለች። "ይኸው ወንድሜ፣ ተረከበኝ" አለችና ስሙን ጠርታ አለቀሰች። ማምሻውን ያው ወያላ መጣ፣ መብራት ኃይል ያለው። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቁጭም አላለ። "ጌዲ ፎቶ። ይቺን ግን አልረሳሁም፣ በለው" ብሎ ሄደ። ለማን እንደሚለው አላሰበበትም።

እያንዳንዱ ስሙን ሲያወርድ ይቀለዋል። ኢስማኤል ላይ ግን ይደራረባል።

ሐሙስ ብሶበት ነጋ። ጠዋት ከመዝሙሩ በኋላ ማኅሌት አጠገቡ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ሰዎቹ ምንድነው የሚሉህ?"

"ያጽናህ ነው የሚሉኝ።"

"እኛን ጮክ ብለው ነው እኮ የሚያጽናኑን" አለችና ሲኒዎቹን ሰብስባ ሄደች።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ውሸት ነው የነገረው። ሰኞ ጠዋት ዘሩባቤል ከመሰላል ሲወድቅ የት ነበርክ ሲሉት "ሥራ ላይ" ብሏል። ሥራ ላይ አልነበረም። ዘሩባቤል ከጎረቤት የብረት መሰላል ተውሶ ግድግዳውን አስደግፎ ነበር። ቋ።

"ና ያዝልኝ። የሰሌዳውን ቦታ ልለካ።"

"ስም ሳይኖረን?"

"አለን። ለሰው ሰጥቼዋለሁ፣ ሐሙስ እንሰበስባለን። ያዝ አሁን፣ መሬቱ ተዳፋት ነው።"

ኢስማኤል እጁን ከኪሱ አላወጣም። አዲስ ብርሃን ነበር ሆዱ ውስጥ ያለው፤ የተሳቀበት ስሙ። እሱን መናገር ግን አሳፈረው። ስለዚህ ሌላ ነገር ተናገረ።

"በሞተ ሰው ስም ሱቅ አልከፍትም።"

በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ያን ቃል ለጌዲ አውጥቶ አያውቅም። ዘሩባቤል አየው። አልተቆጣም። ሜትሩን በጥርሱ ነክሶ መሰላሉን መውጣት ጀመረ። ኢስማኤል ፊቱን አዙሮ ካፌው ድረስ ሄደ፣ ማኪያቶ አዘዘ፣ ስኳሩን እያማሰለ የሚመልሰውን መልስ ያዘጋጅ ጀመር። መልሱን ሳይጨርስ ሰው ወደ ቁልቁለቱ ሲሮጥ አየ።

ከሰዓት ላይ ድንኳኑ ሳሳ። አቶ ነጋሽ ካሉበት አግዳሚ ተነስተው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከሰኞ ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ ሲነሱ የመጀመሪያቸው ነው።

"ኢስማኤል።"

"አቤት፣ ጋሽ ነጋሽ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ጆሮህ ላይ ተደፍቶ ይሄዳል። ምንድነው?"

"ስለ ሱቁ ነው። ለፈቃዱ..."

"ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ልጅ ሲቀጥፍ አላጣውም።"

ኪሱ ውስጥ ያለችው ቅጽ በላብ ርሳለች። ቅጿን አውጥቶ "በዘሩ ስም ላደርገው ነው፣ ምን ይላሉ?" ቢላቸው በዚያው ያበቃ ነበር። ፊት ለፊት ዘሩባቤል ባዶ ወረቀቱን ይዞ ይስቃል። የሚስቀው በኢስማኤል ነው፤ ያን ቀን ካሜራው ጀርባ የነበረው እሱ ነው።

"የሱቁን ስም ነው የሚነግሩኝ" አለ። "ዘሩ እሁድ ዞሮ አደራ ሰጥቷቸው ነበር። እስከ ዛሬ ያዙልኝ ብሎ።"

"ማን የሚል ስም?"

ማኅሌት ትሪ ይዛ እየመጣች ነበር፤ ቆመች።

"ጌዲ ፎቶ።"

ኢስማኤል አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው።

"ሥራ ላይም አልነበርኩም። መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያዝልኝ ብሎኛል። በሞተ ሰው ስም ሱቅ አልከፍትም ብዬው ጥዬው ሄድኩ።"

ማኅሌት ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ራሷም አጠገቡ ቁጭ አለች።

ኢስማኤል እንዲመቱት ጠበቀ። እንዲያባርሩት ጠበቀ።

"ስንት ናቸው?" አሉ አቶ ነጋሽ።

"እ?"

"ስሙን ይዘው የመጡት። ስንት ሰዎች ናቸው?"

"አስራ አንድ።"

"የረሳ አለ?"

"የለም።"

"የተሳሳተስ?"

"ማንም አልተሳሳተም፣ ጋሽ ነጋሽ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጠረጴዛው ጋ ሄደው ከልጃቸው ፎቶ ፊት ለፊት ቆሙ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ያረጀ የቆዳ ቦርሳ አወጡ። ከአሮጌ ደረሰኝና ከመታወቂያ መሃል ያቺን ጉርድ ፎቶ ለማውጣት ጊዜ ወሰደባቸው። ጠርዟ ተበልቷል፤ ጌዲ በነጭ ሸሚዝ፣ ሳይስቅ።

ፎቶዋን በመስታወቱና በክፈፉ መሃል ለማስገባት ሞከሩ። አልገባ አለቻቸው። የመስታወቱን ታችኛ ጫፍ በጥፍራቸው ለቀቅ አደረጉና እየገፉ፣ እየገፉ፣ ዘሩባቤል በሁለት እጁ የያዘው ነጭ ወረቀት ላይ አደረሷት። እዚያ ስትደርስ ተዉአት። ጌዲ በወንድሙ እጆች መሃል ቆመ።

ማኅሌት መሬት እንደተቀመጠች "ጌዲዬ" አለች። ከዚያ በዚያ ቤት ተሰምቶ የማይታወቅ ጩኸት ጮኸች። ጎረቤቶች ከውጭ ሮጠው ገቡ። ማን ሞተ ሳይሉ ጮኹ።

አቶ ነጋሽ ባዶውን ቦርሳ ወደ ኪሳቸው መለሱ። የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፉ። ኢስማኤል አብሯቸው ሊሄድ ተነሳ፤ በእጃቸው ቁጭ በል አሉት። ከዚያ በሩን የሞሉትን ሰዎች ቀስ ብለው ገለል እያደረጉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ሸራውን ገልጠው ወጡ።