ባለመብቱ ራሱ ይቅረብ

ሐኪሟ የባሌን ደረት አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ከእህል አቧራ ራቅ፤ ካልራቅህ ሳንባህ አይተርፍም» አለችው። ለበቆሎ ገበሬ! እሱ ግን ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና በሁለት እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ቀረ። ወደው አይስቁ ማለት ይኼ ነው።

መንገድ ላይ፣ «ሰማሃት አይደል?» አልኩት።

«ሰማሁ፣ ሙሽራዬ።» ትልቋን ልጃችንን ከዳርን በኋላም እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ዘንድሮን ብቻ ላስረክብና...»

«ዘንድሮ ዘንድሮ እያልክ ነው ደረትህ ወንፊት የሆነው!»

መንግሥት በቆሏችንን ከገበያው አስበልጦ ይገዛል፤ ድጎማ ነው። ድጎማው ባይኖር የምንሸጠው የማዳበሪያውን እንኳ አይመልስም። ታዲያ በነፃ አይደለም። አንድ ወቅት በቆሎ ሳይዘራ የቀረ ሰው ከድጎማው ይወጣል፤ ተመልሶ አይገባም። ደግሞ በስሙ የተመዘገበው ባለመብት ራሱ መጋዘን ድረስ መጥቶ ማስረከብ አለበት። እያንዳንዱን ጆንያ በእጁ ፈትቶ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ከትቶ፣ ከሥር ያለውን ፍሬ አውጥቶ ለባለሚዛኑ ያሳያል። ከላይ ጥሩውን፣ ከታች ነቀዝ የበላውን እየሞሉ የሚመጡ ብልጦች ያመጡብን ጣጣ ነው። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ አቧራው መውጫ አጥቶ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ባሌ እዚያ ከዋለ በኋላ ለሳምንታት ጋደም ማለት አይችልም።

ጎረቤታችን በቆሎን ትቶ ሽንኩርት ዘርቶ ነበር። ሽንኩርቱ ዋጋ ሲያጣ ልመለስ ቢል በሩ ተዘግቷል። አሁን እዚያው መጋዘን የሰው ጆንያ ይሸከማል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ የድጎማው ቢሮ ሄድኩ። «መብቱን ወደኔ አዙሩልኝ፤ ጆንያውን እኔ እፈታለሁ» አልኩ።

ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሳበልኝ። «እትዬ፣ ወደ ሚስት የሚዞረው ባል ሲሞት ብቻ ነው።»

«እና እስኪሞት ልጠብቅ?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው» ብሎ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ከቤት ስወጣ ባሌን አስምዬዋለሁ፤ ይኼ ካልሆነ እንውጣ፣ ግማሹን መሬት ሸጠን በቀረው ምስር እየዘራን እንኑር ብዬ። «አንቺ ካልሽ እሺ» ብሎኛል። ስለዚህ «እንግዲያው ሰርዙን» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ባይሆን ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎት» አለ ልጁ። «የዘንድሮው ዋጋ ጨምሯል። እንዲህ ጨምሮ አያውቅም።»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። የሚያፈሰው ጣሪያችን ታየኝ። ኮሌጅ ልግባ እያለች የምትለምነን ትንሿ ልጄ ታየችኝ። ባሌ አልታየኝም። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ቅጽበት ባሌ አልታየኝም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ።

ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ተሰረዝን?» አለኝ። ፊቱ ቀለል ብሎታል፤ ስንጋባ እንደነበረው ሆኗል። ውሸት መናገር እችል ነበር። ዋጋውን ነገርኩት።

«ታዲያ ይኼ እንዴት ይታለፋል?» አለ ቀስ ብሎ። ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ «ይቅርብን» እንድለው እየጠበቀ ነው። ገብቶኛል። እኔ ግን ተነስቼ እራት ላቀርብ ገባሁ።

የማስረከቢያው ቀን መጋዘኑ በር ላይ አሮጌ ሻሼን ቀድጄ አፍና አፍንጫውን አሰርኩለት። «ጠበቀብህ?» አልኩት። በዓይኑ ሳቀልኝ።

ከውስጥ ባለሚዛኑ «ተራው የማነው?» ብሎ ጮኸ። ባሌ አልተንቀሳቀሰም። እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ገፋ አደረግኩት።