የደግፌ ግድግዳ

ግንበኛው ባዳቾ የግድግዳውን ድንጋይ በመዶሻው ጫፍ በቀስታ መታና ጆሮውን ጣል አደረገ። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ደገመው። ድምፁ ባዶ ነበር።

"ጋሼ፣ እንደ ሐኪም ደረቱን እያዳመጡት ነው?" አለ ከባህል ጽሕፈት ቤት የመጣው ኪሩቤል። "መሐንዲሱ እኮ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ደህና ነው ብሎ ሄደ።"

"ፎቶ ድምፅ የለውም።"

ሶዶ ውስጥ እንዲህ ያለ የኳስ ሜዳ ሌላ የለም። ክንፍ በሚሏቸው ሁለት አጫጭር የጎን ግንቦች መካከል የሁለት ሰው ቁመት ያለው የጥርብ ድንጋይ ግድግዳ ቆሟል፤ የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ኳሷን በመዳፋቸው እሱ ላይ እየመቱ ይጫወታሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የገነባው የባዳቾ ታላቅ ወንድም ደግፌ ነው። ባዳቾ ያኔ ጭቃ አቀባይ ነበር። ደግፌ ባለፈው ሚያዝያ ሞተ። አሁን ሜዳው ቅርስ ሆኖ ለመመዝገብ የቀረው ግድግዳው ደህና ነው የሚል የአንድ ግንበኛ የጽሑፍ ቃል ነው፤ አለዚያ ፈርሶ መማሪያ ክፍል ይሠራበታል።

የደግፌ ሚስት አሳየሽ ጥቁር እንደለበሰች ክንፉ ሥር ቆማለች።

"ስሙን እዚህ ይጽፉለታል ብለውኛል፣ ባዳቾ" አለች። "ልጅ አልተወልኝም። ያለኝ ይሄ ነው።"

ባዳቾ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው በተሠራበት ዓመት ክረምት መንገዱ ተቆርጦ፣ የግድግዳውን ፊትና ጀርባ አቋርጦ የሚያስረው ረጅም ድንጋይ ከገሱባ ሳይመጣ ቀረ። የምረቃው ቀን ደርሶ ነበር። ባዳቾ እንጠብቅ ቢለው ደግፌ ሳቀበት፤ መካከሉን በኮረት ሞልቶ ዘጋው። ዛሬ የግድግዳው ሆድ ገፍቷል።

የዕረፍት ደወል ተደወለ። ልጆች ኳስ ይዘው ሲሮጡ መጡ። ባዳቾ እጁን ዘርግቶ መለሳቸው።

"እትዬ፣ ልጆች ላይ ይወድቃል። መፍረስ አለበት።"

አሳየሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። "እንዲህ አድርጎ የሠራው ደግፌ ነው?"

ባዳቾ መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ድንጋዩን የጠረበው እሱ ነው። ውስጡን የሞላሁት እኔ ነኝ። ማሰሪያ ድንጋይ አግባበት ብሎኝ ነበር፤ ሰነፍኩ።"

"ጋሼ" አለ ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቃልዎ የሚጻፍበትን ይህን ወረቀት የከተማው ግንበኛ ሁሉ ያየዋል።"

"ጻፍ።"

አሳየሽ ሳትሰናበተው ወደ በሩ ሄደች። ባዳቾ እስክትወጣ ጠበቀና ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ።