የራስጌው ግድግዳ

የሞተች ጣውንት ከቁም ጣውንት ትብሳለች። ከቁሟ ጋር ቢሆን ፀጉር ተናጭተን ይወጣልን ነበር። ከግድግዳ ጋር በምን እጣላለሁ?

ባሌ እኔን ያገባኝ የፊተኛዋን ሚስቱን ከቀበረ ከዓመታት በኋላ ነው። መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ ራስጌው ላይ፣ እኔ በምተኛበት በኩል፣ የጭንቅላት ልክ የሆነ ክብ ወዝ አለ። ታማ አልጋ ላይ ስትከርም ጭንቅላቷን ያስደገፈችበት ቦታ ነው፤ ግድግዳው የፀጉሯን ቅባት ጠጥቶ ቀርቷል። መብራት ባጠፋሁ ቁጥር ከበላዬ ሰው ቁጭ ያለ ይመስለኛል። ምን ይደበቃል፣ እፈራለሁ። ቤቴን ቤቴ ብዬ አንድ ቀን እንኳ ተኝቼበት አላውቅም።

«ቀለም ይቀባ» አልኩ። ቀለም ቀቢው ጋሽ ብሩሽ መጣና ወዙን ለሁለት ከፍሎ ሞከረልን፤ ግማሹን በክሬም፣ ግማሹን ጠቆር ባለ ሰማያዊ። በማግስቱ ደርቆ ስናየው ሰማያዊው ጭጭ ብሏል። ክሬሙ ላይ ግን ግማሽ ክብ ቢጫ ሆኖ ብቅ ብሏል።

«ቅባት ነው» አለ ጋሽ ብሩሽ። «ፈዘዝ ያለ ቀለም አይችለውም፤ ያሳብቃል። ለነገሩ ክሬም ክፍሉን ያሰፋዋል፤ ሰማያዊ ያጠበዋል። ምርጫው የናንተ ነው።»

«ይጥበብ!» አልኩ እኔ።

ባሌ ክሬሙን ሲያይ ቆየና፣ «ሰማያዊው... ይሸፍናታል?» አለ።

ስለ ወዙ እኮ ነው የጠየቀው። «ይሸፍነዋል ወይ» ነው የሚባለው። ጋሽ ብሩሽ ብሩሹን ማጠቡን ተወ፤ እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝ።

«ይሸፍናታል፣ ወንድሜ» አለው ቀስ ብሎ።

ቆሽቴ አረረ። «ወይ እሷ ወይ እኔ!» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«በቃ ሰማያዊ ይሁን» አለ ባሌ። «አንቺ እንቅልፍ ካጣሽ ምን ዋጋ አለው።»

ጋሽ ብሩሽ ቀትር ሳይሆን ጨርሶ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። አሸነፍኩ ብዬ እያንጎራጎርኩ ምሳ አቀረብኩ። ባሌን ብጣራ ብጣራ አይመጣም። በመጨረሻ ሲመጣ ጉንጩ በእርጥብ ሰማያዊ ተለውሷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?» ብዬ ሳቄ አመለጠኝ።

ከዚያ ጆሮውን አየሁት። ጆሮውም ሰማያዊ ሆኗል። ሰው በስህተት ጆሮውን ግድግዳ ላይ አይለጥፍም። አንጀቴን በላው፤ ደግሞም ፈራሁ።

ፎጣ አርጥቤ እየጠረግኩለት፣ «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ዛሬ ዝም አለች» አለኝ።