ዋርካ ደሴት በሃምሳ ስምንት ደብተር

ሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መምህርት አስካለ ቆቅ ደሴትን ሰሌዳ ላይ ስትስል፣ ደሴቲቱ ከሐይቁ ተነስታ ሰሌዳው ላይ መጣች። ሐይቁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ስለሆነ በመስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆቅ ደሴት የነበረችበት ቦታ ውሃ ብቻ ሆነ። ሰሌዳው ላይ ደግሞ በነጭ ጠመኔ የተሳሉት ሁለት ጉማሬዎች ተነፈሱ፣ አርጃኖዋ ምላሷን አወጣች፣ ከሰሌዳው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

«ደሴት ማለት ምን ማለት ነው?» አለች አስካለ። የዕለቱ ጥያቄ እሱ ነበር።

«ዙሪያዋን በውሃ የተከበበች መሬት!» አሉ ሃምሳ ስምንቱ የአራተኛ ክፍል ልጆች ባንድ አፍ።

«ቆቅ ደሴት ላይ ማን ይኖራል?»

«ሰው የለም! ጉማሬ፣ አርጃኖ፣ ወፍ!»

«ጎበዞች።»

ደወል ተደወለ። የክፍሉ አለቃ ስንዱ እንደ ልማዷ ብድግ ብላ ሰሌዳውን በዳስተር አጠፋች። ለሚቀጥለው መምህር ሰሌዳ አጥፍቶ መጠበቅ የአለቃ ሥራ ነው፤ ያላጠፋ አለቃ በማግስቱ ይሻራል። ጉማሬዎቹ ከጆሯቸው ጀምረው ጠፉ። ስንዱ ዳስተሩን በመስኮት አውጥታ ስታራግፈው የበነነው አቧራ አሳ አሳ ይሸት ነበር። አስካለ ወደ ሐይቁ ብታይ ምንም የለም። ጉም ይሆናል ብላ ተወችው።

ማክሰኞ ጉም አልነበረም። አስካለ ዱባ ደሴትን ሳለች። ዱባ ደሴት ላይ አምስት አሳ አጥማጆች ጎጆ አላቸው፤ ጠዋት ጠዋት መረብ ሊያነሱ ስለሚወጡ ሰሌዳው ላይ የመጡት ጎጆዎቹ፣ አንዲት ድመትና የተሰጣ የቀረሶ አሳ ብቻ ናቸው። ድመቷ አሳውን በላች፤ ልጆቹ ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ አምስቱ አጥማጆች እግራቸው እስከ ጉልበት እንደረጠበ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

«መታወቂያ» አላቸው ዘበኛው።

«መታወቂያችን ጎጆ ውስጥ ነው።»

«ጎጆው የት ነው?»

«እሱን ልንጠይቅ አይደል የመጣነው!»

እየተከራከሩ ሳለ ደወል ተደወለ። አስካለ «ቆዪ!» ስትል የስንዱ ዳስተር ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል። አጥማጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ጥቁሩን ሰሌዳ አዩ። ሸምገል ያለው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያድሩት የትምህርት ቤቱ የተሰባበረ ወንበር የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው።

በዓመቱ ዕቅድ ላይ የቀረችው ዋርካ ደሴት ነበረች። ዋርካ ደሴት ላይ አርባ አባወራ ይኖራል። የአስካለ እናት ወይዘሮ ደብሬም የሚኖሩት እዚያው ነው።

ረቡዕ አስካለ ጠመኔ ሳትነካ በአፏ ብቻ አስተማረች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘገየ በመስኮት አይተዋት ኖሮ ቢሮ አስጠሯት።

«ሥዕሉስ?»

«ከሳልኳት ትመጣለች፣ ጋሼ። ከመጣች ደግሞ ትጠፋለች።»

«አውቃለሁ፤ አይቻለሁ» አሉ አቶ ዘገየ። «ግን ዕቅዱ ‹በሥዕል ተደግፎ› ነው የሚለው። ነገ ጠዋት ካልሳልሽ የከሰዓቱን ፈረቃ የማስተምረው እኔ ነኝ። እኔ እስላታለሁ።»

አቶ ዘገየ ደሴት ሲስሉ አንድ ክብ ያዞሩና ያበቃሉ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ፤ ያልተሳለው እዚያው ይሰጥማል። መቼም የሳቸውን የሥዕል ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«እናቴ እዚያ ናት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አንቺው ሳያት፤ እጅሽ ጥሩ ነው።»

አስካለ መሬት ወርዳ እግራቸውን ልትይዝ ብትል አቶ ዘገየ እግራቸውን ወንበራቸው ሥር ሰበሰቡ። «ተይ እንጂ፣ ሰው ያያል» አሉ፤ መልሰውም ዕቅዱን ማንበብ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ከአጥማጆቹ አንዱን ለምና በጠባቧ የእንጨት ታንኳው ዋርካ ደሴት ተሻገረች። ወይዘሮ ደብሬ ዋርካው ሥር ቁጭ ብለው ለታንኳ የሚሆን ደንገል ያስራሉ። ሳል አለባቸው፤ ሲያስሉ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው። አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን በጨለማም ቢሆን የምታውቃቸው በዚህ ሳል ነው።

«እማ፣ ተነሽ እንሂድ። ነገ ደሴቲቱ ትጠፋለች።»

«ማን ያጠፋታል?»

«እኔ። አለዚያም ጋሽ ዘገየ።»

«አንቺስ በልጅነትሽም ያገኘሽውን ስታጠፊ ነው ያደግሽው» አሉ ወይዘሮ ደብሬ። «ሌላውስ ሰው?»

«ሁሉም በየታንኳው ይውጣ!»

ወይዘሮ ደብሬ በአገጫቸው ወደ ቤቶቹ አሳዩዋት። ትናንት የገበያ ቀን ነበር። የደሴቲቱ የደንገል ታንኳ ሁሉ ውሃ ጠጥቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው በየግድግዳው ተደግፎ ይደርቃል። እርጥብ ደንገል ሰው አይሸከምም። ከዓርብ በፊት የሚነሳ ታንኳ የለም።

«በዚህኛው አንቺ ብቻ ነይ። እለምንሻለሁ፣ እማ። በጡትሽ።»

«እኔ ወጥቼ ጎረቤቴ ልትሰጥም? ምን ብዬ እህል እበላለሁ?» ሳሉ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ ደንገሉን በጥርሳቸው አጠበቁና «ብቻ ከሳልሽኝ ጎብጬ እንዳትስይኝ» አሏት።

ሐሙስ አስካለ ስትስል ምንም አልተወችም። ዋርካውን ከነሥሩ ሳለች። አርባውን ቤት በየስሙ እየጠራች፣ ፍየሎቹን፣ ውሃ ዳር የሚያንቀላፋውን ጉማሬ፣ የተደገፉትን ታንኳዎች ሁሉ ሳለች። እናቷን ቀጥ አድርጋ ሳለቻቸው። ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ባዶውን ቀረ።

«ውይ፣ ወገቤ ተፈታልኝ!» አሉ ወይዘሮ ደብሬ ከሰሌዳው ላይ። የክብሪት እንጨት ያህል ነበሩ። «እነዚህ ሁሉ የማን ልጆች ናቸው?»

«የኔ ተማሪዎች ናቸው፣ እማ።»

«እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ሃምሳ ስምንቱም ቆመው።

ደወል ተደወለ። አስካለ የሰሌዳው ጥግ ላይ «አይጥፋ» ብላ ጻፈችና ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቱ ቆመች። ስንዱ ዳስተሯን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ እሻራለሁ።»

«ተሻሪ! ቁጭ በይ!»

አቶ ዘገየ በሩ ላይ ደረሱ። ያለው ሰሌዳ አንድ ነው፣ የሚቀጥለው ደግሞ ሒሳብ ነው አሉ። አስካለ አሥር ደቂቃ እንዲሰጧት ለመነች። ሰዓታቸውን አዩና «አሥር» አሉ። ከበሩ ግን አልሄዱም።

«ደብተር አውጡ!» ብላ ጮኸች አስካለ። «ገልብጡ! አንድም ነገር እንዳትተዉ፣ ልጆቼ፤ አደራ!»

ልጆቹ መገልበጥ ይችላሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ የሠሩት እሱን ነው። እርሳስ ተንሿሿ። ልጆቹ በገለበጡ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ያለው ጠመኔ ሳሳ። መጀመሪያ ፍየሎቹ ሄዱ፣ ከዚያ ቤቶቹ ባንድ ባንድ።

«ቲቸር፣ እኔ ሰው መሳል አልችልም» አለ ይበይን ከመጨረሻው ወንበር። እንባው መጥቷል።

«ቤቱን ሳል፣ የኔ ጌታ። ሴትዮዋን ቤት ውስጥ አስገባት። ቶሎ በል!»

አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ማንም ዳስተር ሳይነካው ሰሌዳው ጠቆረ። «አይጥፋ» የሚለው ብቻ ቀረ። አቶ ዘገየ እሱን በእጃቸው ጠረግ አደረጉና «ይኸው፣ ንጹሕ» አሉ።

አስካለ ላርም ነው ብላ ሃምሳ ስምንቱንም ደብተር ሰበሰበች። አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ የተከራየችው ክፍል ገብታ በሩን በመወርወሪያው ዘጋችና ደብተሮቹን ወለሉ ላይ በዙሪያዋ ደረደረቻቸው። ሁሉም ውሃ ያንጠባጥባሉ። ባንድ ባንድ ገለጠቻቸው።

የስንዱ ደብተር ላይ ወይዘሮ ደብሬ አፍ አልነበራቸውም፤ ስንዱ ቸኩላ ረስታዋለች። በእጃቸው ከንፈራቸው መሆን የሚገባውን ቦታ ደጋግመው ያሳያሉ። የሚቀጥለው ላይ ጎብጠው ነበር፤ ቀና ብለው አይተዋት ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ላይ ከዋርካው ይበልጣሉ፤ አንዱ ላይ ሦስት ቦታ ተሰርዘው ታርመዋል። አንዷ ልጅ የሳለቻቸው እያለቀሱ ነው።

«እማ?» ትላለች አስካለ።

አፍ ያላቸው ሁሉ «አቤት» ይላሉ። አንዳቸውም ግን አያስሉም። ሃምሳ ሰባቱንም ጆሮዋን ወረቀቱ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ጆሮዋ ረጠበ እንጂ የሚያስል የለም።

የመጨረሻው የይበይን ደብተር ነው። ይበይን የሳለው አንድ ቤትና አንድ የተዘጋ በር ብቻ ነው። ከበሩ በስተጀርባ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ሳል ተሰማ።

«እማ!»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አስካለ!»

«ክፈችልኝ፣ ልጄ። ውሃ ገባ።»

በሩ መወርወሪያ አልነበረውም፤ ይበይን አልሳለውም። አስካለ ስባ እንድትከፍተው እርሳስ አንስታ በጥንቃቄ መወርወሪያ ሳለችለት። ከኋላዋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማችና ዞር አለች። የራሷ ክፍል በር መወርወሪያ የለውም። የነበረበት ቦታ አራት የምስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ወረቀቱ ላይ ያለውን መወርወሪያ በጥፍሯ ለመሳብ ሞከረች። አልተሳበም። «እማ፣ ከውስጥ ግፊው!» አለች። በጥፍሯ የተሳለውን በር አንኳኳች። የተንኳኳው ከኋላዋ ያለው፣ የራሷ ክፍል በር ነው።

ደግማ አንኳኳች። አሁንም የራሷ በር ተንኳኳ።

ከዚያ ከበሩ ውጪ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ሮጣ በሩን በመዳፏ ብትገፋው፣ በጥፍሯ ብትፈለቅቀው አልተንቀሳቀሰም፤ የያዘው ወረቀቱ ላይ ያለው መወርወሪያ ነው። ከበሩ ሥር ውሃ መግባት ጀመረ። ውሃው ደብተሮቹን አንስቶ በዙሪያዋ አንሳፈፋቸው፤ ሃምሳ ሰባቱ ወይዘሮ ደብሬዎች ጠጋ ጠጋ ብለው በሩን ያያሉ። ከውሃው ጋር፣ በበሩ ሥር፣ አራት ጣቶች ገቡ። እስከ አንጓቸው ጠመኔ ነክቷቸዋል። ወለሉን ቀስ ብለው እየዳበሱ መወርወሪያውን ይፈልጋሉ።