የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር

መምህርቷ ቋንቋ ስታስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰዋስውም፣ ንባብም፣ ድርሰትም በእጇ አልፏል፤ ተማሪዎቿ አድገው የሚያስታውሱት ግን «አንድ አንቀጽ፣ አንድ ሐሳብ!» እያለች ጠረጴዛውን በሰሌዳ ማጥፊያ ስትደበድብ ነው። ከኋላዋ «ወይዘሮ አንቀጽ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

ታናሽ ወንድሟ የክር ፋብሪካ መካኒክ ነው። ድምፁን ብቻ ሰምቶ የትኛው ማሽን እንደታመመ ይናገራል። ብዕር ሲይዝ ግን ያልበዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የታጠፈ ወረቀት ደረት ኪሱ ከትቶ መጣ። ከአራት ቀን በፊት የጥጥ ማበጠሪያው ማሽን የአንዲት ሠራተኛን ሦስት ጣቶች ቆርጧል። ማሽኑ መከለያ አልነበረውም። ፋብሪካው አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ መካኒኩም የፈረቃ ኃላፊውም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡ አዟል።

መምህርቷ ቀይ ብዕሯን አንስታ አነበበች። አራት ገጽ ሙሉ አንድም አንቀጽ የለውም። ከልጅቷ ጩኸት ይነሳል፤ ወደ ኃላፊው ይሄዳል፤ ወደተሰበረው ማጠፊያ ይዞራል፤ ደግሞ ወደ ጩኸቱ ይመለሳል።

«ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ የተበተነ ጭድ?»

«እትዬ፣ እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት።»

«እሱማ ያስታውቃል። እስቲ በአፍህ ንገረኝ፤ ምንድን ነው የሆነው?»

«የመከለያው ማጠፊያ ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው። መለዋወጫ ይምጣ ብዬ ሁለቴ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። የሰማኝ የለም። የዚያን ቀን መከለያው እየወደቀ ሥራ አስቆመ። የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ ‘ፈትተህ ጣለው’ አለኝ። እምቢ አልኩት። ‘እንግዲያው ነገ እንዳትመጣ’ አለኝ።»

«ከዚያስ? ፈታኸው?»

አንገቱን ደፋ። «ፈታሁት።»

«የት ጻፍከው ታዲያ?» ስትፈልግ ሦስተኛው ገጽ መሐል አገኘችው፤ ‘እኔም ምን አማራጭ አለኝ ብዬ ፈታሁት’ ይላል፣ በሁለት ሌሎች ነገሮች መካከል ተጨፍልቆ። «እንዲህ ቀብረኸው ሲያገኙት ምን ይላሉ? ደበቀ ነው የሚሉህ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። ከዚህ ነው የሚጀመረው።»

ከዚያ እሷ ሥራዋን ሠራች። አራቱን ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረደችው። የመጀመሪያው አንቀጽ «መከለያውን የፈታሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይነሳል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ያስከትላል። ሁለተኛው የኃላፊውን ትእዛዝ ይዟል። ሦስተኛው ሁለቱን የመለዋወጫ ጥያቄዎች ከነቀናቸው። አራተኛው ማሽኑን ማን እንዳቆመና ልጅቷን ማን ተሸክሞ እንዳወጣት፤ ሁለቱንም ያደረገው እሱ ነበር። ጩኸቱን በሙሉ ሰረዘችው።

መካኒኩ አንብቦ ጨረሰና ጭንቅላቱን አከከ። «እትዬ፣ የሰውየው ትእዛዝ ቀድሞ ቢመጣስ?»

«ጥፋትን በሌላ ሰው ማሳበብ ይመስልብሃል። እውነት የያዘ ሰው ከራሱ ይጀምራል።»

«እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና በራሱ እጅ ገልብጦ ፈረመበት። ከሸኘችው በኋላ የተሰረዘውን አራት ገጽና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ኩራት ተሰማት። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ከሠራች ቆይታለች።

ውሳኔው በዘጠነኛው ቀን ወጣ። «ሠራተኛው መከለያውን የፈታው ራሱ መሆኑን በግልጽ ያመነ በመሆኑ» ይልና ከሥራ ያሰናብተዋል። የፈረቃ ኃላፊው ስም አንድም ቦታ አልተነሳም።

መምህርቷ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዋን ለሌላ ሰው ሰጥታ ፋብሪካው ድረስ ሄደች። የኮሚቴው ጸሐፊ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ተማሪዋ ነበር። ከወረቀት መደርደሪያው ላይ የጥጥ ብናኝ እፍ ብሎ መቀመጫ አቀረበላት።

«የሌላኛውን ሰው መልስ አሳየኝ» አለችው።

«መምህርት፣ እንዲህ ማሳየት አይፈቀድም እኮ...»

«አሳየኝ አልኩህ።»

በሩን ገርበብ አድርጎ ሰጣት። ሰባት ገጽ ነው። ኃላፊው ስለ አገልግሎት ዘመኑ፣ ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ማሽኑ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደገባ ይዘረዝራል። አንቀጽ የሚባል አያውቅም። ስለ መከለያው ሲደርስ «ከምርት አንጻር አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ በነበረው አጠቃላይ ግንዛቤ መሠረት» ይልና መጨረሻው ሳይታወቅ ዝናብ ወዳስገባው ጣሪያ ይሻገራል። ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳለ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ፈልጋ አጣች። ክፍል ውስጥ ቢሆን ዜሮ ሰጥታ ትመልሰው ነበር።

«አምስታችንም ሁለት ሁለቴ አንብበነዋል» አለ ጸሐፊው። «የሚጨበጥ ነገር የለውም። አላዘዝኩም አይል፣ አዝዣለሁ አይል። የወንድምዎ ግን ገና በመጀመሪያው መስመር ነገሩ ግልጽ ሆነልን። ማን እንዳዘጋጀው ወዲያው ነው ያወቅኩት። ዋናው ሐሳብ ከፊት ይምጣ ይሉን አልነበር?»

ሊያመሰግናት የፈለገ ይመስል ነበር።

«ሁለተኛውን አንቀጽስ?»

«አንብበናል። ግን ምስክር የለውም።»

«ሦስተኛውን? መለዋወጫ የጠየቀባቸውን ወረቀቶች?»

«መዝገብ ቤት አስፈለግን። የሉም።» ይህን ሲል ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ይግባኙን ራሷ ጻፈችው። በዚህኛው የኃላፊውን ትእዛዝ ከፊት አመጣችው። የሁለት መስመር መልስ መጣ፤ ውሳኔው የጸና ነው ይላል።

መልሱን ይዛ ወንድሟ ቤት ስትሄድ ሚስቱ በር ከፈተችላት። «ይግቡ» ብቻ አለቻት። እሱ መሬት ተቀምጦ መፍቻዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። ሌላ ከተማ፣ የውኃ ፓምፕ በሚጠግን ቤት ሥራ አግኝቷል፤ ደመወዙ ከድሮው ግማሽ አይሞላም።

«እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«የጻፍነው ውስጥ ውሸት አለ? አንድ ቃል ንገረኝ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «የለም እትዬ። ሁሉም እውነት ነው። ግን እኔን ከፊት አቆምሽና ሌላውን ሁሉ ከጀርባዬ ደረደርሽው። ሰዎቹ ደግሞ እኔ ላይ ሲደርሱ ማንበብ አቆሙ። የእኔ ጽሑፍ ጭድ ነበር፤ ይሁን። ጭዱን ሰጥቻቸው ቢሆን፣ እንደነገርሽኝ በዚያ ሰውዬ ግራ እንደተጋቡት በእኔም ግራ ይጋቡ ነበር።»

«አንተም እኮ አንብበህ ነው የፈረምከው!»

ከአፏ ሲወጣ ነው የቆጫት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማንኳኳቷን አቆመች።

«አንቺ ስለሆንሽ ነዋ የፈረምኩት» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። መፍቻዎቹን መጠቅለሉን ቀጠለ። እሷም ቆማ ቆየችና ወጣች፤ ማንም ሻይ ጠጪ አላላትም።

ሐሙስ ሄደ። በየሳምንቱ ለእናታቸው ይደውላል፤ እሷ አጠገብ ካለች እናታቸው ስልኩን ልታቀብላት ትሞክራለች፤ እሱ ሥራ ይዞኛል ብሎ ይዘጋል። የፈረቃ ኃላፊው የሁለት ፈረቃ ኃላፊ ሆኗል አሉ።

አዲሱ ወሰነ ትምህርት ሲጀመር መምህርቷ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብታ ሰዋስው ብቻ እንዲሰጣት፣ ድርሰቱን ሌላ ሰው እንዲይዘው ለመነችው። ምክንያቷን ጠየቃት። ደክሞኛል አለችው።

«ኧረ በሞቴ!» አለ ርእሰ መምህሩ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን እየፈረመ። «ለአንቀጽ ከእርስዎ የተሻለ ሰው ከየት ላምጣ?»

ደወሉ ተደወለ። ጠመኔዋን ይዛ ወደ ክፍል ሄደች።