አገር ስጡኝ

ላይ አፋፍ የእኛ መንደር ነበር። ታች ማዶ ደግሞ ከገደሉ ወዲያ ያለው። ሁለቱም ከቁይ ገበያ ግማሽ ቀን የሚያስኬዱ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ወንዙ ድረስ ወርዶ እንደገና ዳገቱን መውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ሰው የሚሻገረው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ድምፅ ግን በቀላሉ ይሻገራል። ጠዋት እኛ ምንጭ ስንወርድ እነሱም ከብት ሲያወጡ፣ ከማዶ አወቀ የሚባል ጎልማሳ አፋፉ ላይ ይቆምና "እንቆቅልሽ!" ይላል። እኛ "ምን አውቅልህ!" እንለዋለን። ጥያቄውን ይጥልልንና ይሄዳል፤ ቀኑን ሙሉ ስንብሰለሰልበት ውለን በማግስቱ መልሱን እንጮሃለን።

ካላወቅነው "አገር ስጡኝ" ይላል። የእንቆቅልሽ ደንብ ነው፣ የተረታ አገር ይሰጣል። እኛም አንድ ቀን ደምበጫን፣ አንድ ቀን ሉማሜን፣ ስንናደድ ደብረ ማርቆስን ከነገበያዋ እንሰጠዋለን። እሱ ደግሞ "ደምበጫ ሄጄ፣ ጮማ ቆርጬ፣ ጠጄን ጠጥቼ" እያለ ሲኮራብን ይቆይና በመጨረሻ መልሱን ይነግረናል።

ከጥያቄው ይልቅ ደስ የሚለው በኋላ የምናወራው ወሬ ነበር። ቄስ ወልደ ሰንበት ቅዳሴ እንደወጡ ጥምጥማቸውን ሳያወልቁ "የዛሬው ምንድን ነው?" ብለው ይመጣሉ። ባሌ ሙላት በዕድሜው አንድ እንቆቅልሽ ፈትቶ አያውቅም፤ ሁሉንም ግን "የልጅ ጨዋታ!" ብሎ ያጣጥላል። እማሆይ ወለተ ሚካኤል መልሱ ከታወቀ በኋላ "ይኸማ በልቤ ነበር" ይላሉ፤ በልባቸው ያለውን አስቀድመው ያወጡበት ቀን የለም። የምትፈታው ምራታቸው ዘሪቱ ናት። ስንጯጯህ ዝም ብላ ሥራዋን ትሠራለች፣ ከዚያ ቀና ሳትል አንድ ቃል ትናገራለች፤ ያው ይሆናል። እኔ የብርጓል ደግሞ ደንቡ ተጣሰ፣ ጥያቄው አሳሳች ነው እያልኩ የምሟገተው ነኝ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ ከወንዶቻችን ገሚሱ ዱር ገባ። የዘሪቱ ባል እንዳላማውም ገባ። ያሉበትን ዋሻ የምታውቀው ስንቅ የምታደርስላቸው ዘሪቱ ብቻ ነበረች፤ እኛ እንድትነግረን አልጠየቅናትም፣ እሷም አልነገረችንም። በጥቅምት ባንዳ እየመራው የመጣ ጦር ታች ማዶን አቃጠለው። ተሻግረን ያገኘነውን ሬሳ ሁሉ ቀበርን። አወቀን መቃብር ያወረደው ሙላት ነው። ስንመለስ ከማዶ የሚተነፍስ ሰው አልቀረም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋቱ ጭር አለ። እንስራዬን ይዤ ምንጩ ጋ ስደርስ ጆሮዬ ሳላዘው ወደ ማዶ ይዞር ነበር።

የኅዳር ሚካኤል እንዳለፈ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ገደሉ ጥርት ብሎ እየታየ፣ ከማዶ "እንቆቅልሽ!" የሚል ድምፅ መጣ። የአወቀ ድምፅ ነው። አፋፉ ላይ ማንም አይታይም። አፍ የለመደውን አይተውም፣ ምንጩ ላይ የነበርን ሁሉ አንድ ላይ "ምን አውቅልህ!" አልን፤ ከዚያ እርስ በርሳችን ተያየን። የአንዷ እንስራ ከጀርባዋ ወድቆ ተሰበረ።

"በር እያለለት በጣሪያ የሚወጣ?" አለ ድምፁ።

ሙላት ያን ዕለት ከሰዎች ጋር ተሻግሮ አይቶ መጣ። "አመድ ነው" አለን። "ባመዱ ላይ የሰው ዱካ የለም። መቃብሩም እንደ ደፈንነው ነው።" ያን ቀን የልጅ ጨዋታ ነው አላለም። ባንዳ ድምፁን አስመስሎ እያጠመደን ነው ያሉም ነበሩ። በማግስቱ ድምፁ ሲጣራ ዘሪቱ "ጭስ" ብላ መለሰች። "አወቃችሁ" አለና ዝም አለ። ምንም አልሆንንም። በማግስቱም ሌላ ጠየቀ፣ መለስን፤ ምንም አልሆንንም። ሰው ሁሉን ይለምዳል። ሳምንት ሳይሞላ ቄስ ወልደ ሰንበት "የዛሬው ምንድን ነው?" እያሉ መምጣት ጀመሩ፣ ሙላትም ማጣጣሉን፣ እማሆይም "በልቤ ነበር" ማለታቸውን። ደስ ብሎን ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

አንድ ቀን "ማንም አያርሰው፣ ማንም አይዘራው፣ ሁልጊዜ ግን ይታጨዳል" አለ። ሁላችንም "ሣር!" ብለን ተስማማን፤ ዘሪቱም ሣር አለች። በማግስቱ ድምፁ "አይደለም" አለ።

"እንዴት አይደለም?" ብዬ ጮህኩ እኔ። "ሣርን ማን ያርሰዋል? ማን ይዘራዋል?"

"አገር ስጡኝ።"

ሙላት ቀልዱ መጣበትና "ሮማን ውሰድ! ከነንጉሡ!" አለው። ሳቅን።

"የእናንተ ያልሆነ አገር አይሰጥም።"

አወቀ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደንብ አውጥቶ አያውቅም። ሙላት ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ "እንግዲያ ወይራ ሜዳን ውሰድ" አለ። ወይራ ሜዳ ከእኛ ግርጌ ያለ ጥቂት ቤት ያለበት ሰፈራችን ነው።

"ወይራ ሜዳ ሄጄ፣ በርዶኝ ነበር፣ እሳት አንድጄ ሞቅሁ" አለ ድምፁ። ጮማም ጠጅም አላነሳም። "መልሱ ጢም ነው።"

ሴቶቹ ይኸ አድልዎ ነው፣ እኛ ጢም ከየት እናውቃለን እያልን ተከራከርን። በዚያው ሳምንት ጦር መጥቶ ወይራ ሜዳን አቃጠለ። ሰዎቹ ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው ወደ እኛ ወጡ።

ቄስ ወልደ ሰንበት ገዘቱን። "ከእንግዲህ የሚመልስለት እንዳይኖር! ዝም በሉት!" ዝም አልነው። ድምፁ ግን አልሄደም። ከጠዋት እስከ ማታ "አገር ስጡኝ፣ አገር ስጡኝ" ሲል ዋለ። አይቆጣም፣ አያስፈራራም፤ ዝናብ ላይ ቆሞ ማደሪያ እንደሚለምን መንገደኛ ነው። ከብቱ መስክ ላይ ቆሞ አልግጥ አለ፣ ሕፃናቱ ጡት እምቢ አሉ። ሊመሽ ሲል እማሆይ አላስችል አላቸውና እያለቀሱ "ግራር አምባን ውሰድ፣ ልጄ፣ ዕረፍ" አሉት። ግራር አምባም፣ ሌላው ሰፈራችን፣ ተቃጠለ።

ግዝቱ ቀረና መመለስ ጀመርን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ጨዋታ አልነበረም። የጤፉ አጨዳ እየጠበቀን አውድማ ዳር ቁጭ ብለን በአንድ ጥያቄ ላይ ስንቆዝም እንውል ነበር። የተሳሳተ መልስ የሰጠውን እንሰድበዋለን፣ አንዳንዱ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ሁላችንም መጨረሻ ላይ የምናየው የዘሪቱን አፍ ነው። እሷም በየቀኑ ትፈታ ነበር። አንገቷ ቀጥኖ፣ ምግብ አልበላ ብሏት፣ ትፈታ ነበር። እኔ እንደ እህት እወዳት ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ሰው መስማት ትታ ነበር። ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ጆሮው ይደፈናል።

በታኅሣሥ "እኔ ሳልደርስ ይደርሳል፤ እኔ ስሞት አይሞትም" አለን።

"ስም ነው" አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት። "የሰው ስሙ ከእሱ በፊት ይደርሳል። ቢሞትም በጸሎት ይጠራል።"

"ወሬ ነው፣ አባ" አለች ዘሪቱ። "ጦሩ ሳይደርስ ወሬው ነው የሚደርሰው። ስንቱን ቀብረን የስንቱ ወሬ አላለቀም።"

"ልጄ፣ አስቢበት።"

"አስቤበታለሁ፣ አባ። እስከ ዛሬ የተሳሳትኩት በሣሩ ብቻ ነው።"

ቄሱ ተዉላት። እኛም ተውንላት። በማግስቱ ጠዋት "ወሬ!" ብላ ጮኸች።

"አይደለም። አገር ስጡኝ።"

ሙላት ያወቀውን ሁሉ ደረደረ። ወይራ ሜዳ ሲለው "ተሰጥቷል" ይለዋል። ሉማሜ ሲለው "የእናንተ አይደለም" ይለዋል። ያለን አለቀ። የቀረን የቆምንበት ላይ አፋፍና ወንዶቻችን ያሉበት ዋሻ ብቻ ነበር። ሁሉም ዘሪቱን አየ።

"ዘሪቱ" አላት ሙላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እነሱ ጠመንጃም እግርም አላቸው፣ ያመልጣሉ። እኛ ይኸን ሁሉ ሕፃንና ሽማግሌ ይዘን የት እንደርሳለን? ቦታውን ጥሪለት።"

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። የሁላችንንም ነው የተናገረው።

ዘሪቱ አፋፉ ጫፍ ድረስ ሄደች፤ የምትወድቅ መስሎኝ ጮህኩ። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ላይ አፋፍ!" አለች።

"ላይ አፋፍ ሄጄ" አለ ድምፁ ቀስ ብሎ፣ "በርዶኝ ነበር፣ እሳት አንድጄ ሞቅሁ። መልሱ ስም ነው።"

ሙላት እርግማኑን አወረደባት፤ እሷ ግን ቤቷ ገብታ በሶውን በስልቻ እየሞላች ነበር። "ዛሬውኑ እንውጣ" አለችን። "መንገዱን እኔ አሳያችኋለሁ።" ሌላ መሄጃ አልነበረንምና ተከተልናት። ቄስ ወልደ ሰንበት ታቦቱን ይዘው ከፊት ወጡ።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ግን ከመደባቸው አልነሣም አሉ።

"እማሆይ፣ ይነሡ እንጂ። ሙላት ያዝልዎታል" አለቻቸው ዘሪቱ፣ ጉልበታቸው ሥር ተንበርክካ።

"ሙላት ምን ያለበት ነው እኔን ተሸክሞ ገደል ለገደል የሚንከራተት? ቤት ባዶ ሲያገኙት ነው የሚያቃጥሉት። አሮጊት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ካዩ ያፍራሉ። የእናት ልጆች ናቸው።"

"እንዳላማውን ምን ልበለው?"

"ቤትህን እየጠበቀች ነው በይው። ውሸት የለበትም።"

ዘሪቱ እግራቸውን ስማ ወጣች። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ዋሻው ከሌላ ገደል ጥግ ላይ ነው። ከአፉ ላይ ቆመው ሲያዩ ላይ አፋፍ ከማዶ ይታያል። ስንደርስ ወንዶቹ ለውጊያ ወጥተው ዋሻው ባዶ ነበር። በማግስቱ መንደራችን ላይ ጭሱ ሲነሣ ከዋሻው አፍ ቆመን አየነው። ቀኑን ሙሉ ጨሰ። ማንም ስለ እማሆይ አላነሣም። ዘሪቱ ጭሱ እስኪያልቅ ቆማ አይታ፣ ከዚያ ሄዳ ለልጆቹ በሶ በጠበጠች።

ወንዶቹ በሌላ በኩል በሌሊት ሲመለሱ እንዳላማው እግሩ ቆስሎ፣ ከድካሙ የተነሣ በሰው ተደግፎ ነበር። ሚስቱን ሲያይ ግን እንደ ልጅ ሳቀ። "እናቴስ?" አላት ገና ሳይቀመጥ።

"ቤትህን እየጠበቀች ነው" አለችው።

እኔን ቀና ብላ አየችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። ይብላ፣ ይተኛ፣ ነገ ይሰማዋል ብላ ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ስለ እንቆቅልሹም አልነገርነውም። ምን ብለን እንነግረዋለን? የሞተ ሰው ጠየቀን፣ እኛም አገር እየሰጠን ጨረስን እንበለው?

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ሁላችንም ነቅተን ጆሯችንን ሰጥተን ነበር። ድምፁ ቢመጣ ማንም እንዳይመልስ አስቀድመን ተስማምተናል። ሙላት ጋቢውን አፉ ላይ ጠቅልሏል። እንዳላማው ከውስጥ ተኝቷል።

ከማዶ፣ ከተቃጠለው ከላይ አፋፍ፣ "እንቆቅልሽ!" የሚል ድምፅ መጣ።

አወቀ አልነበረም። ያረጀች ሴት ድምፅ ነው፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ ቃሉን እየጎተተች የምታወጣ። ሁላችንም አወቅናት። ቄስ ወልደ ሰንበት አማተቡ። ነጠላዬን ነከስኩ። ያን ጊዜ ነው አወቀም ጠላታችን እንዳልነበረ የገባኝ፤ ቤቱ ተቃጥሎበት የሚገባበት ያጣ ሰው ነበር። ገባኝና ይበልጥ ፈራሁ።

ዘሪቱ ወደ ውስጥ ሮጠች። እንዳላማው ግን በዚያ በቆሰለ እግሩ ቀድሟት ወጥቶ ነበር። ፊቱ በርቷል።

"እናቴ ናት!" አለ። "ይኸ የእናቴ ድምፅ ነው!"

"እንዳላማው፣ በማርያም፣ ዝም በል!"

እጇ አፉ ላይ ከመድረሱ በፊት "ምን አውቅልሽ፣ እማ!" ብሎ ጮኸ። "እዚህ ነን! ዋሻው ውስጥ ነን ሁላችንም! ነይ! ቤቱ የአንቺ ነው!"

ገደሉ ቃሉን ተቀብሎ ደጋግሞ አስተጋባው። ከማዶ የሚከተለውን ጥያቄ ጠበቅን። አልመጣም፤ አገሩ ሳትጠይቅ ተሰጥቷታል። ዘሪቱ የዘገየ እጇን ከባሏ አፍ ላይ ሳታነሣ ቆማ ቀረች፤ እሱ ደግሞ እጇን ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደው።

"ሰምታኛለች" አላት እየሳቀ። "አሁን ትመጣለች።"