የሐሙስ አስተርጓሚ

ሐሙስ ሐሙስ ባሌን ለሰው አስረክቤ እተኛለሁ። የሚያፍር ይፈር፣ እኔ አላፍርም። ሆሴዕን የመርሳት በሽታ ከያዘው አራት ዓመቱ ነው፤ ቀን ከሌት በር ሲነካካ ይውላል፣ ያድራል። እዚህ ሆሳዕና፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በጎ ፈቃደኞች እንደ እሱ ያሉትን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይይዙልናል፤ እኛም አረፍ እንላለን።

ችግሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልወስደው ስገባ ሳቁን ያቆማል። አዎ፣ እዚያ ይስቃል። ቤት ቃል የማይወጣው ሰውዬ እዚያ ወሬ አያልቅበትም፣ በሀዲይኛ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው፣ አማርኛው እንዳለ ጠፍቶበት የልጅነት ቋንቋው ብቻ ቀረለት። እኔ ደግሞ የጉራጌ ልጅ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ሳሙናና ጨው የምሸጥበት ሀዲይኛ አለኝ፤ ከዚያ አያልፍም። እንደተጋባን ልማር ስለው «ምን አደከመሽ፣ በአማርኛ እንግባባ የለም ወይ?» አለኝ። እኔም ሰነፍ ነበርኩ፣ ደስ አለኝ። አሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ሐሙስ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷን፣ ጡረታ የወጣችውን አዋላጅ እልፍነሽን ያዝኳት።

«እኔን ባየ ቁጥር የሚላት ነገር አለች። ምንድን ናት?»

«ይቅርብሽ እትዬ ትርፌ።»

«አይቀርብኝም። አርባ ዓመት ባሌ ነው።»

ወለሉን እያየች ነገረችኝ። «'ይቺ ሴትዮ ደግ ናት፣ ታበላኛለች። ግን ሚስቴ ትጨነቃለች፤ ወደ ቤቴ እንድትሰደኝ ለምኑልኝ' ነው የሚሉት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ፤ እሱ ግን ቆሞ መልስ ይጠብቃል።

«ወደ ሚስቱ ነው የምወስደው በይልኝ» አልኩ።

ነገረችው። ሌላ ጊዜ ሁለት ሰው ለምኖት የማይነሳው ሰውዬ ኮቱን ራሱ ለበሰ። መንገዱን ሁሉ እየቀደመኝ ሄደ። ቤት እንደገባን ጓዳውን አየ፣ መኝታ ቤቱን አየ፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። እስኪመሽ ጠበቃት።

በሚቀጥለው ሐሙስ እልፍነሽን ሀዲይኛ አስተምሪኝ አልኳት። ደስ ብሏት «ሚስትህ እኔ ነኝ» የሚለውን ልታስይዘኝ ጀመረች።

«እሱን ተይው፣ አያምነኝም» አልኳት። «'ሚስትህ መንገድ ላይ ናት፣ አሁን ትደርሳለች' እንዴት ይባላል?»